የጉዞ ጦማሪ በንግድ ትርዒት ላይ፦ ከባሕር ዳር ለሚነሱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቱሪዝም ንግድ ትርዒት ላይ ለጦማሪ ቦታ አለው ወይ?

አለው፤ ወንበሩ ግን ከኋላ ነው። ስታንድ (የማሳያ ቦታ) የተከራየው ሆቴል ወይም አስጎብኚ ድርጅት ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው አልጋና ጉዞ በጅምላ የሚገዛ ወኪል ፍለጋ ነው። ከወኪሉ ቀጥሎ ጋዜጠኛ ይመጣል፤ ከጋዜጠኛው ቀጥሎ ጦማሪ። ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው በመጀመሪያው ጠዋት ሦስት ቦታ «ቆየት ብለህ ተመለስ» ሲባል ተንቄያለሁ ብሎ ይከፋል። የናቀው የለም፤ ሻጩ ገበያ ላይ ነው። ቅዳሜ ገበያ ደንበኛ የከበባትን ቅቤ ሻጭ ለወግ የሚያስቆም የለም።

የምትፈልጉት የድርጅቱን የማርኬቲንግ ወይም የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ፎቶ ከመነሳት የማርኬቲንጉን ሰው ስልክ ማግኘት ይሻላል፤ ጦማሪ የሚጋበዝበት በጀት ያለው እሱ እጅ ነው። ከሱ ቀጥሎ የቱሪዝም ቢሮ ተወካዮችና የአየር መንገድ ሰዎች ይመጣሉ።

የትኛውን ትርዒት ልምረጥ?

ትልቁ አይቲቢ በርሊን ነው። በፈረንጅ 1966 የተጀመረ ሲሆን በማርች ይካሄዳል፤ ከ2023 ወዲህ ለሕዝብ ዝግ ሆኖ ለባለሙያዎች ብቻ፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ለሦስት ቀን ይከፈታል። ወርልድ ትራቭል ማርኬት ለንደን ከ1980 ጀምሮ አለ፤ በኖቬምበር መጀመሪያ ይውላል። የማድሪዱ ፊቱር በጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ወደ እኛ ቀረብ ሲል የደርባኑ ኢንዳባ በሜይ፣ የናይሮቢው ማጂካል ኬንያ በኦክቶበር፣ የዱባዩ አረቢያን ትራቭል ማርኬት በጸደይ አሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው በበርሊን ባይጀምር ጥሩ ነው። አዳራሾቹ ሰፊ፣ ወጪው ከባድ ነው፤ ስህተት የሚማሩበት ቦታ አይደለም። መጀመሪያ እዚሁ ከተማችን በሚዘጋጅ ኤግዚቢሽንና ባዛር ላይ ተለማመዱ፤ ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ናይሮቢ። ፊቱር ለባሕር ዳር ጦማሪ አይመችም ብንል ይቅርታ ይደረግልን፦ የሚውለው ጥምቀት በዋለ ሰሞን ስለሆነ ዕቃውን ጥሎ ሊሸጥ እንደሚሄድ ነጋዴ መሆን ነው። የለንደኑ ግን ልክ ክረምቱ እንዳበቃ ይመጣል፤ ስልካችሁ ውስጥ ያለው የጢስ ዓባይ ፎቶ ትኩስ ነው።

በአገር ውስጥ አንድ የቀን ወጥመድ አለ። የዓለም ቱሪዝም ቀን በፈረንጅ ሴፕቴምበር 27 ይከበራል፤ ይህ በኛ መስከረም 17፣ መስቀል ነው። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ መስከረም 16፣ ደመራ ላይ ይወድቃል። የምትፈልጉት ኃላፊ በዓል ላይ ስለሚሆን ቀጠሮ ከመስከረም 20 በኋላ ያዙ።

የፕሬስ ባጅ (የጋዜጠኛ መግቢያ ካርድ) ጠይቄ ተከለከልኩ። ለምን ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች በአንዱ ነው። አንደኛው፣ የራሳችሁ ድረ ገጽ ሳይኖራችሁ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ብቻ ስትልኩ። ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ጽሑፍ ወራት ሲያልፉት፤ ባለፉት 3 ወራት የወጡ ቢያንስ 4 ወይም 5 የጉዞ ጽሑፎች ይኑሩ። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ስም ነው። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ ቅጹ ግን «የመጀመሪያ» እና «የመጨረሻ» ስም ይጠይቃል። አንዱ ላይ የአባትን፣ ሌላው ላይ የአያትን ስም የሞላ ሰው ጽሑፉ ላይ ያለው፣ ባጁ ላይ የሚታተመውና ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ሦስት ሰው ይመስላል። ከፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ገልብጡ፤ በዚያው አጻጻፍ ጦማራችሁ ላይም «ስለ ጸሐፊው» የሚል ገጽ አድርጉ።

በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ መርማሪው አንድ ፊደል እንደማያነብ አስቡ። ከሦስት ጽሑፎች ሥር አምስት አምስት መስመር የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ጨምሩና የእነዚያን አድራሻ ላኩ። ማመልከቻውን ከ2 እስከ 3 ወር ቀድሞ ማስገባት ይበቃል።

ቪዛውስ?

ለበርሊንና ለማድሪድ የሸንገን ቪዛ ነው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው። ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ሲሆን፣ የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ውሳኔ በ15 ቀን ይሰጣል ቢባልም ለኢትዮጵያውያን ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ መደበኛው ጊዜ 45 ቀን ሆኗል፤ ዋናው ችግር ደግሞ የማመልከቻ ቀጠሮ ማግኘቱ ነው። ስለዚህ የፕሬስ ባጁ ማረጋገጫና የአዘጋጁ የግብዣ ደብዳቤ በእጃችሁ እንደገባ ወረፋ ያዙ። ለንደን በሸንገን አይገባም፤ የራሱ ቪዛ አለው።

የቀጠሮ ሰዓት እየተምታታ ሰው አጣሁ። እንዴት ላድርግ?

ይህ ከሁሉም በላይ ቀጠሮ የሚያፈርስ ነገር ነው። በማርች መጀመሪያ በርሊን ከእኛ በ2 ሰዓት ወደኋላ ናት። እዚያ ጠዋት 10:00 ሲል እኛ ጋ ቀትር ነው፤ በኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት። ለንደን በኖቬምበር በ3 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች የሷ 10:00 የኛ ቀን 7 ሰዓት ነው። ባሕር ዳር ሆናችሁ «በ4 ሰዓት እንገናኝ» ብላችሁ የጻፋችሁለት ጀርመናዊ ከሰዓት በኋላ 4:00 ላይ ቡና ይዞ ይጠብቃችኋል፤ እናንተ በጠዋቱ 10:00 ቆማችሁ ተመልሳችኋል። ሁልጊዜ «10:00፣ በበርሊን ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ ወሩንም በቁጥር ሳይሆን በፈረንጅ ስሙ።

የዘመን አቆጣጠራችን ጨዋታ ማስጀመሪያም ይሆናል። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በፈረንጅ 1960ዎቹ ያወጡትን «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መፈክር ዕድሜ ጠገብ የአውሮፓ ወኪሎች እስከ ዛሬ ያስታውሱታል። በ2016 በፈረንጅ የመጣውን «ምድረ ቀደምት»ን ይበልጥ የሚያውቁት ወጣቶቹ ናቸው። ማን ፊት እንደቆማችሁ አይታችሁ ምረጡ።

ከትርዒቱ በፊት ምን ብዬ ልጻፍላቸው?

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀድማችሁ፣ ከ120 ቃል ባልበለጠ። የተሳታፊዎቹ ዝርዝር አዘጋጁ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ 25 ድርጅት ምረጡ። ለሁሉም አንድ ደብዳቤ መላክ ልፋት ብቻ ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ተቀምጬ ስለ ጣና ገዳማትና ስለ ዓባይ መነሻ በአማርኛ እጽፋለሁ። አንባቢዎቼ በአብዛኛው አዲስ አበባና ውጭ አገር የሚኖሩ፣ ለበዓል ወደ አገር ቤት የሚመጡ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የድርጅትዎ የሰሜን ጉዞ ባሕር ዳር ላይ የሚያድረው አንድ ሌሊት ብቻ መሆኑን አይቻለሁ። ሁለተኛ ሌሊት የሚያሳድር የግማሽ ቀን የዘጌ መርሐ ግብር በአንድ ገጽ አዘጋጅቻለሁ። ረቡዕ ከ14:00 በኋላ 15 ደቂቃ ይኖርዎታል?»

ደብዳቤው የሚሠራው «የሰሜን ጉዞዎን አይቻለሁ» በሚለው ነው። በሳምንቱ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ ከዚያ በላይ መነዝነዝ ነው። ከ25ቱ 6 ወይም 7 ቀጠሮ ካገኛችሁ ተሳክቶላችኋል። በቀን ከ6 በላይ አትያዙ፤ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ቢያንስ 20 ደቂቃ ተዉ፤ ከአዳራሽ አዳራሽ መሄዱ ብቻ ያን ያህል ይበላል።

ሚዲያ ኪት (ጦማሩን ለድርጅቶች የሚያስተዋውቅ ሰነድ) ውስጥ ምን ይግባ?

አንድ ገጽ፣ በፒዲኤፍ፣ በስልክ ሲከፈት የሚነበብ። ያለፉት 3 ወራት የአንባቢ ቁጥር፣ ከየት አገር እንደሚያነቡ፣ ሁለት የሥራ ናሙና፣ በ+251 የሚጀምር ስልክ። ቁጥራችሁ ትንሽ ከሆነ ትንሽነቱን ጻፉ። የተገዛ ተከታይ የማርኬቲንግ ሰው በሁለት ደቂቃ ይለየዋል፤ 40 ሺህ ተከታይ ባለው ገጽ ላይ 6 አስተያየት ካየ ወረቀቱን ያጥፈዋል።

ስለ ጣና ስናገር ፊታቸው ላይ ፍላጎት አላይም። ምን አጠፋሁ?

«ጣና ውብ ነው» የሚለውን በዚያ ቀን ከአርባ ሐይቅ ወኪሎች ሰምተውታል። የእናንተ ብልጫ ሐይቁ ዳር መቀመጣችሁ ነው፤ ወኪሉ ከበርሊን ሆኖ ሊያጣራው የማይችለውን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሐይቁን ሳይሆን ሰዓት ያለው መርሐ ግብር አሳዩ። ይህን ይመስላል፦

ከባሕር ዳር መነሻ፣ ጠዋት 1:30። በሞተር ጀልባ ዘጌ ለመድረስ 1 ሰዓት ገደማ። በእግር ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕሎች ማየት፣ መንገዱን ጨምሮ 1 ሰዓት ተኩል። የዘጌ ቡና በአካባቢው ሰው ቤት ተፈልቶ፣ 45 ደቂቃ። መመለሻ 1 ሰዓት፤ 6 ሰዓት ሳይሞላ ባሕር ዳር።

ለፈረንጅ ስትሰጡት ሰዓቶቹን ወደ 7:30 እና 12:00 መቀየሩን አትርሱ። በጠዋት የሚነሳበትንም ምክንያት ጻፉ፦ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ጀልባውን ያዘገያል፣ ያልለመደ እንግዳ ይታወካል። ከገጹ ሥር ደግሞ ወኪሉን ከችግር የሚያድኑ ነገሮች ይግቡ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ይህን ሳያውቅ ሴቶች ያሉበትን ቡድን የላከ ድርጅት ግማሹን እንግዳ ጀልባ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና እንጦስ ኢየሱስ ለሁሉም ክፍት ናቸው። እያንዳንዱ ገዳም መግቢያውን ለየብቻ ያስከፍላል፤ ለቪዲዮ ካሜራ ጨምረው የሚጠይቁም አሉ። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የታነጸው ናርጋ ሥላሴ ደቅ ደሴት ላይ ስለሆነ ከዘጌ ጋር በአንድ ግማሽ ቀን አይገጥምም። ሙሉ ቀን ይሻል።

ሦስት ስህተት ደግሞ በየስታንዱ እንሰማለን። አንዱ «ጣና የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው» የሚለው ነው። አይደለም፤ በ2015 በፈረንጅ የተመዘገበው በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ነው። በአካባቢው የዓለም ቅርስ ከሆኑት መካከል የጎንደሩ ፋሲል ግቢ (1979) እና ላሊበላ (1978) ይገኛሉ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፊት ይህን ብትሳሳቱ ቀሪውን አያምናችሁም። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ፎቶ ነው። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በፈረንጅ 1964 እና 2001 ሥራ የጀመሩት ሁለት የኃይል ማመንጫዎች ውሃውን ስለሚወስዱ በበጋ ይቀጥናል። የነሐሴን ጎርፍ አሳይታችሁ በየካቲት እንግዳ ካስላካችሁ የሚወቀሰው ወኪሉ ነው፤ እሱ ደግሞ እናንተን ይረሳችኋል። ፎቶው ሥር ወሩን ጻፉ።

ሦስተኛው የውሃ አረሙ እምቦጭ ነው። በ2011 በፈረንጅ ሐይቁ ላይ ታየ፤ ዜናው ሩቅ ስለሄደ ይጠይቋችኋል። «የለም» አትበሉ። ክፉኛ የተጠቃው የሰሜንና የሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ መሆኑን፣ ባሕር ዳርና ዘጌ በደቡብ በኩል መሆናቸውን በካርታ አሳዩ፤ በዚያ ሳምንት ያነሳችሁት የወደቡ ፎቶም ይጨመርበት።

ስለ ጸጥታ ሲጠይቁኝ ምን ልመልስ?

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተነሳውን ግጭት የውጭ ወኪል ሁሉ ሰምቷል፤ «ሁሉ ሰላም ነው» ብሎ ማለፍ ተአማኒነታችሁን ይጨርሳል። የወኪሉ ጭንቀት ኢንሹራንስ ነው፦ የአገሩ መንግሥት «አትሂዱ» ብሎ ባስጠነቀቀበት ቦታ የተጓዘን ሰው ብዙ መድን ሰጪዎች አይሸፍኑም። ስለዚህ በስሜት ለማሳመን አትሞክሩ፤ ቀን ያለው መረጃ ስጡ። በረራ አለ ወይ፣ ጀልባዎች ይሠራሉ ወይ፣ የትኛው የመኪና መንገድ ክፍት ነው፤ «ዛሬ በዚህ ቀን የማውቀው ይህ ነው» ብላችሁ። እስኪረጋጋ መጠበቅ ለሚፈልግ ወኪል በየወሩ አንድ አንቀጽ መረጃ እልካለሁ በሉት። ያን አንቀጽ ሳያቋርጥ የላከ ሰው ገበያው ሲከፈት በመጀመሪያ የሚደወልለት እሱ ነው። ለአገር ውስጥና ለዳያስፖራ ተጓዥ የምትጽፉ ደግሞ እነዚህ አንባቢዎች የሚመጡት በዘመድ ወሬ መሆኑን ለሆቴሎቹ ንገሯቸው።

ስታንዱ ጋ ስደርስ እንዴት ልጀምር?

ባሕር ዳር ላይ ከጀልባ ማኅበር ሊቀ መንበር ጋር የምታወሩ ከሆነ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ተብሎ፣ ስለ ቤተሰብ ተጠይቆ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ጉዳዩ ምናልባት በሁለተኛው ቀን ይነሳል። በመጀመሪያው ቀን ዋጋ የጠየቀ ሰው ችኩል ነው። ገዳም ላይም «አባ፣ ይፍቱኝ» ከሚለው በፊት ካሜራ አይወጣም። በርሊን ላይ ይህን ያደረገ ሰው ግን 15 ደቂቃው በሰላምታ ያልቅበታል። እዚያ ስም፣ ከየት እንደመጣችሁ፣ የምትፈልጉት፤ በሦስት ዓረፍተ ነገር።

ቀጠሮ ከሌላችሁ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አትጠጉ። ምርጡ ጊዜ የመጨረሻው ቀን ከምሳ በኋላ ነው፤ ገዢዎቹ ወደ አውሮፕላን ሄደዋል፣ ሻጩ ብሮሹሩን ተሸክሞ መመለስ አይፈልግም፣ ወንበር ይስባል። ከገዢ ጋር ከተቀመጠ አትቁሙበት፤ ካርድ ለእንግዳ ተቀባይዋ ሰጥታችሁ እለፉ።

የሰው ካርድ እንደተቀበላችሁ ዘወር ብላችሁ ጀርባው ላይ ሦስት ቃል ጻፉ፦ ቀኑን፣ የተነጋገራችሁትን፣ ቃል የገባችሁትን። «ረቡዕ፤ ሴቶች ቡድን፤ የእንጦስ ፎቶ።» ማታ 30 ካርድ ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጉ ያልተጻፈባቸው ሁሉ አንድ ሰው ይሆናሉ። የራሳችሁን 100 ያህል ያዙ፤ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ አታሳትሙ፣ እስክሪብቶ አይዝም።

በጾም ወቅት ከሆነስ?

የማርች ትርዒት አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃል፤ በየስታንዱ የሚታደለው ደግሞ አይብና ቅቤ ነው። «ቪጋን» በሉ፣ ይገባቸዋል። የምሳ ቀጠሮ ከመያዝ የቡና ቀጠሮ መያዝ ይቀላል።

ምን ዕቃ ልያዝ?

የጀርመንና የስፔን ሶኬት የኛን ክብ ጥርስ ይቀበላል። ለንደን፣ ዱባይና ናይሮቢ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ አስማሚ ያስፈልጋል። ፎቶውና ፒዲኤፉ ስልኩ ላይ ወርዶ ይቀመጥ፤ አዳራሽ ውስጥ ኔትወርክ ይጨናነቃል። የተለመደ ጫማ አድርጉ።

ከተመለስኩ በኋላ መቼና ምን ልጻፍ?

በትርዒቱ ማግስት አትላኩ፤ ሁሉም የሚልከው ያን ቀን ነው። ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ጥሩ ነው። «ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል» ብቻ የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም። ቃል የገባችሁትን ነገር አያይዛችሁ ላኩ፦

«ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስታንድዎ ላይ ሴቶች ስለሚበዙበት ቡድንዎ ተነጋግረን ነበር። የእንጦስ ኢየሱስን ፎቶዎችና ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ጋር በአንድ ቀን የሚሄድበትን ሰዓት አያይዣለሁ። የጀልባ ዋጋውን ከማኅበሩ ዛሬ አረጋግጫለሁ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆያል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በርግጥ አረጋግጣችሁ እንጂ በግምት አትጻፉ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከሚቀጥለው ትርዒት በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ ጻፉ።

«በነጻ እንጋብዝህ» ሲሉኝ ልቀበል?

የማስተዋወቂያ ጉዞ ነው የሚሉት። ተቀበሉ፣ ግን በኢሜይል ተጽፎ፦ ስንት ሌሊት፣ ትራንስፖርቱን ማን ይከፍላል፣ ስንት ጽሑፍና ስንት ቪዲዮ፣ በስንት ቀን፣ ፎቶውን እነሱም ሊጠቀሙበት ይችላሉ ወይ። ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት አይተው እንዲያርሙ አትፍቀዱ፤ የዋጋና የስም ስህተት እንዲጠቁሙ ብቻ። ጉዞው የተሸፈነላችሁ መሆኑንም ለአንባቢ ከላይ ንገሩት፤ ከታች በትንሽ ፊደል አይደለም።

ድሮን ላይ ቃል አትግቡ። ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ማስነሳት ክልክል ነው፤ ይዞ የገባ የውጭ እንግዳም ኤርፖርት ላይ ይወሰድበታል። ይህን አስቀድሞ የነገረው ጦማሪ ለወኪሉ ባለውለታው ነው።

ክፍያ ቢመጣ እንዴት እቀበላለሁ?

የአገር ውስጥ ሆቴል ደረሰኝና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠይቃል፤ ንግድ ፈቃድ ሳይኖር ውል መፈረም ሂሳብ ክፍሉ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከውጭ የሚመጣው በባንክ ነው፦ ስማችሁ እንደ ሂሳብ ደብተሩ፣ የባንኩ ስዊፍት ኮድ፣ የሂሳብ ቁጥር።

«የተሳታፊዎች ኢሜይል ዝርዝር እንሽጥልህ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። እውነት ነው?

አይደለም። ከየትርዒቱ በፊት የሚዘዋወር ማጭበርበሪያ ነው፤ «በአዘጋጁ ስም ሆቴል እንያዝልህ» የሚለውም እንደዚያው። አልጋም ሆነ ባጅ ከአዘጋጁ ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ ገብታችሁ ብቻ ያዙ።